የነህምያ ማዕድና የእኛ ደረሰኝ

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ሰሞኑን መጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 5 ላይ ቆሜ ማለፍ አቅቶኛል።

የኢየሩሳሌም ቅጥር እየተሠራ ነው። ጠላት በውጭ ያፌዛል፤ ጩኸቱ ግን የተነሣው ከውስጥ ነው። አንዱ እህል አጥቷል። ሌላው በራብ ምክንያት እርሻውንና ቤቱን አስይዟል። ሦስተኛው ደግሞ ለንጉሡ ግብር ብሎ ተበድሮ እርሻው በሌላ ሰው እጅ ገብቷል፤ ልጆቹንም ለባርነት እየሰጠ ነው። እኔን የሚያስቆመኝ ይህ ሦስተኛው ሰው ነው። ግብሩን የጣለበት በሩቅ ያለው የፋርስ ንጉሥ ነው። እርሻውን የያዘበት ግን የገዛ ወንድሙ፣ ከእርሱ ጋር ወደ አንድ አምላክ የሚጸልየው ሰው ነው።

የይሁዳ ገዥ የነበረው ነህምያ ይህን ሲሰማ እጅግ ተቈጣ። የምድር ጉዳይ ነው ብሎ አላለፈውም። ታላላቆቹን በጉባኤ ፊት ወቀሳቸው፤ እኔም ወንድሞቼም አበድረናል፣ ይህን ወለድ እንተው ብሎ ራሱንም ከተጠያቂዎቹ ጋር ቈጠረ። ከእርሱ በፊት የነበሩት ገዥዎች ከእንጀራና ከወይን ሌላ 40 ሰቅል የሚመዝን ብር ከሕዝቡ ይወስዱ ነበር። በእርሱ ማዕድ 150 ሰዎች ይቀመጣሉ፤ በየቀኑ አንድ በሬና ስድስት የተመረጡ በጎች ይታረዳሉ፤ ሆኖም 12 ዓመት ሙሉ ለገዥ የሚገባውን ቀለብ አልጠየቀም። ምክንያቱን ራሱ ጽፎታል፤ ሸክሙ በሕዝቡ ላይ ከብዶ ነበርና።

ሹመት ያላችሁ ምእመናን፣ ይህን ክፍል ከቢሮአችሁ በር ከመግባታችሁ በፊት አንብቡት። መጥምቁ ዮሐንስም ቀራጮችን ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ ነው ያላቸው። ለሻይ ተብሎ ከጠረጴዛ በታች የሚቀበሉት ብር ከታዘዘው በላይ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ የገቢ ግብር አዋጁ ተሻሽሎ፣ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል ብዙ ተከራክረናል። መከራከራችን ትክክል ነበር። ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ መጠየቅ የአማኝም ሥራ ነው። የመምህሯ ግብር ደመወዟ እጇ ሳይገባ ይቈረጣል። የስልክ ካርድ ስትገዛ የምትከፍለው ተጨማሪ እሴት ታክስም የፎቅ ባለቤቱ የሚከፍለው ያው 15 በመቶ ነው፤ የእርሷ 15 በመቶ ግን ከልጆቿ እራት ላይ የሚነሣ ነው።

አሁን የራሴን ልናገር። ባለፈው ዓመት ለቤቴ ቀለም ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ከሂሳብ መቀበያው በላይ ጥቅስ ተሰቅሏል፤ ባለሱቁም የእምነት ወንድሜ ነው። “በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?” አለኝ። ያለ ደረሰኝ ሲሆን ይቀንሳል። ቅናሹን ወሰድሁ፤ ለእሑድ መባም ከእርሱ ላይ ቈጠርሁ። ቤቴ ገብቼ የቀለሙን ባልዲ ሳስቀምጥ ነው ነህምያ ትዝ ያለኝ። ያ ቅናሽ ከየት መጣ? እኔ ያልከፈልሁትን መንግሥት ሊያገኝ የሚሄደው ሊሸሽ ወደማይችለው ሰው ነው፤ ወደ መምህሯ ደመወዝ።

ሠራተኛ የምትቀጥሩም ስሙኝ። ከሠራተኛው ደመወዝ ግብር ቈርጣችሁ ሳታስገቡ ብትቀሩ፣ በኪሳችሁ ያለው የእናንተ ገንዘብ አይደለም። በእርሱ ላይ የሚሰጥ አሥራት እግዚአብሔርን ደስ ያሰኘዋል ብዬ ለማስተማር አልደፍርም።

በማግሥቱ ወደ ሱቁ ተመለስሁና ልዩነቱን ከፍዬ ደረሰኝ እንዲቈርጥልኝ ለመንሁት። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ፤ ምንም አልተናገረም። ከዚያ በደረሰኝ ማሽኑ ላይ የተቀመጠውን የቀለም ናሙና ደብተር አነሣ፣ የማሽኑን አቧራ በእጁ ጠረገና አበራው።