ሰባት ጊዜ ይነሣል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በግንቦት ቀትር ከከዚራ ወደ መጋላ በእግሩ የተሻገረ ሰው የድሬዳዋ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። ውጭው እንዲህ ቢግልም የሰውነታችን የውስጥ ሙቀት ከ37 ዲግሪ ብዙ አይርቅም። ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል የደማችንን ሙቀት ያለማቋረጥ ይከታተላል፤ ከልኩ ከፍ ሲል ከቆዳችን ሥር ያሉት የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ላብ ይወጣል፣ ላቡም ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ሲበርደን ደግሞ የደም ሥሮቹ ይጠባሉ፣ ጡንቻዎቻችንም እየተንቀጠቀጡ ሙቀት ያመነጫሉ። ሰውነት ከልኩ በጥቂቱ ዘንበል ይላል፤ መዘንበሉም ራሱ የመመለሻው ጥሪ ይሆናል።

ይህን የማነሣው ስለ ንስሐ በተነጋገርን ቁጥር አንድ ጥያቄ ስለሚደጋገምብኝ ነው፦ «ነገ መልሼ እወድቃለሁና ዛሬ ንስሐ መግባቴ ምን ይረባኛል?» ጥያቄው ከልብ ድካም የሚወጣ ስለሆነ አልንቀውም። ነገር ግን ነገም ፀሐይ ይወጣል ብሎ ዛሬ ማላቡን የተወ አካል የለም። ጠቢቡም «ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃልና ይነሣማል» አለ እንጂ ጻድቅ አይወድቅም አላለም (ምሳ. 24፥16)።

በዐቢይ ጾም ይህን በራሳችን እናየዋለን። ከእህል በተከለከልንባቸው ሰዓታት የደም ስኳር ዝቅ ሲል ቆሽት ግሉካጎን የተባለውን ሆርሞን ይልካል፣ ጉበትም ያከማቸውን ስኳር ይለቃል፤ በልተን ስኳሩ ሲጨምር ደግሞ ያው ቆሽት ኢንሱሊንን ልኮ ወደ ልኩ ይመልሰዋል። (የስኳር ሕመም ያለባችሁ ግን ይህ ሥርዓት ስለተዛባባችሁ፣ ከመጾማችሁ በፊት ሐኪማችሁንና የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ቤተ ክርስቲያን በሕመምተኛ ላይ አትጨክንም።)

ዕፀዋትም እንዲሁ ናቸው። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ሆኖ ሲታይ በዳሩ ያሉት ዛፎች ግን አረንጓዴ ናቸው፤ ሥር እርጥበት ወዳለበት አቅጣጫ ያድጋልና። ውሃ ሲያጥር ደግሞ ቅጠሎች በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎቻቸውን ዘግተው ያላቸውን ይጠብቃሉ። ነቢዩ ኤርምያስ በእግዚአብሔር የሚታመነውን ሰው፣ በወንዝ ዳር ሥሩን በሚዘረጋና ሙቀት ሲመጣ በማይፈራ ዛፍ የመሰለው (ኤር. 17፥8) እንዲህ ያለውን አገር ለሚያውቁ ሰዎች ነው።

ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የቡቃያ ነገር ነው። በ1880 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቻርልስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ ባሳተሙት ጥናት፣ የሣር ቡቃያ ጫፉ ብርሃን እንዳያገኝ ሲሸፈን ወደ ብርሃን መታጠፉን እንደሚተው አሳይተዋል፤ የሚታጠፈው ከጫፉ ዝቅ ያለው ክፍል ሆኖ ሳለ ብርሃኑን የሚቀበለው ጫፉ ነውና። ኦክሲን የተባለው የዕድገት ሆርሞን ከጫፉ ወደ ጥላው ጎን ይሄዳል፤ በዚያ በኩል ያሉት ሕዋሳት ይበልጥ ይረዝማሉ፣ ቡቃያውም ወደ ብርሃኑ ያዘነብላል። ጌታችን «የሰውነት መብራት ዓይን ናት» ያለውን ከዚህ በኋላ ሳነብ፣ ጸሎት ያቆምሁባቸው ወራት ትዝ ይሉኛል፤ እጅና እግሬ ያን ጊዜ ያልተመለሱት ጫፉ ተሸፍኖ ስለነበረ ነው።

በሰንበት ትምህርት ቤታችን ከልጆቹ ጋር በቲማቲም ድልህ ጣሳ አደንጓሬ ተክለን አንድ መስኮት ብቻ ባለው ክፍል አስቀመጥነው። ወደ መስኮቱ ካዘነበለ በኋላ ጣሳውን አዙሬ ጀርባውን ለብርሃኑ ሰጠሁት። በሚቀጥለው እሑድ ጫፉ ተመልሶ ወደ መስኮቱ ዞሯል፤ ጠንክሮ የነበረው የታችኛው ግንድ ግን የቀድሞ ጉብጠቱን እንደያዘ ነበር። አንዲት ልጅ ግንዱን በጣቷ ከታች ወደ ላይ እየተከተለች ሄዳ መካከሉ ላይ ቆመችና «መምህር፣ የተመለሰው ከዚህ ጋ ነው» አለችኝ።