የቤዝቦል ክብረ ወሰኖች፦ እያንዳንዷ ኳስ የምትጻፍበት ጨዋታ

እኛ አገር ክብረ ወሰን ሲባል መጀመሪያ የሚመጣልን ሩጫ ነው። ሰዓቱ ይቆማል፣ ቁጥሩ ይታያል፣ አለቀ። ቀነኒሳ በ2004 በ5000 ሜትር ያስመዘገበው 12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ ለ16 ዓመት ሲቆይ ቁጥሩ ላይ ክርክር የገጠመ ሰው አልነበረም። የአሜሪካ ቤዝቦል ግን ሌላ ነው። እዚያ ቁጥሩ የሚመጣው ወረቀትና እርሳስ ከያዘ ሰው እጅ ነው። ሰው የጻፈው ነገር ደግሞ ይሳሳታል፣ ይታረማል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሳይጻፍ ይቀራል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቤዝቦል ለመመዝገብ የሚመች ጨዋታ ነው። እግር ኳስ ላይ 22 ሰው በአንዴ ይሯሯጣል። ቤዝቦል ላይ አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይመታል ወይም ይስታል፣ የሆነው ይጻፋል፣ ከዚያ ቀጣዩ ኳስ። ይህን የገባው ሄንሪ ቻድዊክ ነው። እንግሊዝ ተወልዶ ብሩክሊን ያደገ ጋዜጠኛ ሲሆን፣ የአንድን ጨዋታ ውጤት በትንሽ ሰንጠረዥ ጠቅልሎ ጋዜጣ ላይ የማውጣቱን ልማድ በ1850ዎቹ መጨረሻ ቅርጽ ያስያዘው እሱ ነው። ያ ሰንጠረዥ ቦክስ ስኮር ይባላል፤ ዛሬም አለ።

የመመዝገቢያ ወረቀቱን አንዴ ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ይላል። ሜዳ ላይ ያሉት 9 ተከላካዮች እያንዳንዳቸው ቁጥር አላቸው። ወርዋሪው 1፣ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀበለው 2፣ እያለ እስከ 9 ይሄዳል። አንዷ ሳጥን ውስጥ 6-4-3 የሚል ካየህ፣ ኳሷ ከሾርትስቶፑ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ከሚቆመው ተከላካይ) ወደ ሁለተኛው ቤዝ ጠባቂ፣ ከእሱም ወደ መጀመሪያው ቤዝ ጠባቂ በርራ ከመቺው ቡድን ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ወጥቷል ማለት ነው። ቤዝ የሚባሉት መቺው ከመታ በኋላ በየተራ ሮጦ የሚረግጣቸው ነጥቦች ናቸው። መቺው ሦስቴ ከሳተ 'ኬ' የምትባለዋ የላቲን ፊደል ትጻፋለች። ዱላውን እንኳን ሳይወዘውዝ ቆሞ ከተቀጣ ደግሞ ፊደሏ ፊቷን አዙራ ትጻፋለች። የዛሬ 80 ዓመት የተሞላ ወረቀት አንስተህ ጨዋታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደገና ማየት ትችላለህ። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው።

በትክክል መትቶ ቤዝ ላይ መድረስ 'ሂት' ነው። ሂቱ ለመምታት በተሰለፈበት ጊዜ ሲካፈል የመቺው አማካይ ይወጣል። ከ10 ጊዜ 7ቱን የሚከሽፍ ሰው፣ ማለትም 0.300 ያለው፣ ጎበዝ ይባላል። ግን ሂት መሆን አለመሆኑን የሚወስን ሰውም አለ። ሊጉ የሚመድበው መዝጋቢ ጋዜጠኞች በሚቀመጡበት ቦታ ሆኖ ያያል፤ ኳሷ ያመለጠችው በተከላካዩ ስህተት ነው ካለ፣ መቺው ቤዝ ላይ ቢደርስም ሂት አይቆጠርለትም።

የ1941 ክረምት ሁሌም ይወራል። ጆ ዲማጂዮ በተከታታይ 56 ጨዋታ ቢያንስ አንድ አንድ ሂት መታ። ሐምሌ ወር ላይ ክሊቭላንድ ውስጥ 67,468 ሰው እያየ ተገታ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ 16 ጨዋታ ቀጠለ! በዚያው ዓመት ቴድ ዊልያምስ የመጨረሻው ቀን ላይ ሲደርስ አማካዩ 0.39955 ነበር። ይህ ተጠጋግቶ 0.400 ይሆናል፤ አሠልጣኙም ከፈለግክ አትጫወት፣ ቁጥርህን ጠብቅ አለው። እምቢ አለ። ፊላደልፊያ ላይ በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ገብቶ ከ8 ሙከራ 6ቱን መታና 0.406 ላይ ጨረሰ።

አንዳንዱ ቁጥር ደግሞ ጨዋታው ራሱ ስለተለወጠ ማንም አይደርስበትም። ሳይ ያንግ 511 ጨዋታ ያሸነፈ ወርዋሪ ነው። ዛሬ አንድ ሰው በየዓመቱ 20 ቢያሸንፍ እንኳን 25 ዓመት ተጫውቶ 500 ነው የሚደርሰው፤ በዓመት 20 የሚያሸንፈው ራሱ አሁን ብርቅ ነው።

የሆም ራን፣ ማለትም ኳሷን ከአጥሩ ማዶ አሻግሮ የመምታት፣ ክብረ ወሰን ግን ሰላም አግኝቶ አያውቅም። ቤብ ሩት በ1927 60 መታ። ሮጀር ማሪስ በ1961 61 ሲመታ፣ ውድድሩ ከ154 ጨዋታ ወደ 162 ስላደገ ለብቻው ይጻፍ ተባለ፤ ይህ ልዩነት የተሰረዘው በ1991 ነው። የሩትን የዕድሜ ልክ 714 ሐንክ አሮን በሚያዝያ 1974 ሲያልፍ፣ ጥቁር በመሆኑ ብቻ የግድያ ዛቻ በደብዳቤ ሲጎርፍለት ከርሞ ነበር። ባሪ ቦንድስ 762 አድርሶ ከላይ ቢቀመጥም፣ በአበረታች መድኃኒት ጥርጣሬ የተነሳ የቤዝቦል ታላላቆች የሚከበሩበት የታዋቂዎቹ አዳራሽ በር በጋዜጠኞች ድምፅ 10 ዓመት ሙሉ አልተከፈተለትም።

እርማቱን በተመለከተ፣ ሐክ ዊልሰን በ1930 ለቡድኑ ያስገባው ነጥብ 190 ሲባል ኖሮ በ1999 191 ሆነ። አንዷ ለጓደኛው ተጽፋ ነበር። ያኔ ዊልሰን ከሞተ 51 ዓመት ሆኖት ነበር። የታይ ኮብ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ በ1910 አንድ ጨዋታ ሁለቴ ተመዝግቦለት 4,191 የተባለው የዕድሜ ልክ ሂቱ 4,189 ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ በዚህ ከሄድን፣ ፒት ሮዝ በመስከረም 1985 ሲንሲናቲ ላይ ሰበረው ተብሎ የተጨበጨበለት የኮብ የሂት ክብረ ወሰን ከ3 ቀን በፊት ቺካጎ ላይ፣ ማንም ሳያውቅ ተሰብሯል።

ትልቁ እርማት ግን የ2024ቱ ነው። ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 እስኪገባ ድረስ ጥቁሮች ከትልልቆቹ ሊጎች ተዘግተው የራሳቸውን ሊጎች መሥርተው ነበር። ቁጥራቸው ግን በይፋዊው መዝገብ አልነበረም። ተመራማሪዎች የድሮ ጋዜጦችን እያገላበጡ ቦክስ ስኮር በቦክስ ስኮር ለቀሙት፤ ግንቦት መጨረሻ ላይ ከ1920 እስከ 1948 ያለው የ2,300 ያህል ተጫዋቾች ውጤት ተቀላቀለ። በዚያች ቀን ጆሽ ጊብሰን በዕድሜ ልክ አማካይ በ0.372 ታይ ኮብን በልጦ አንደኛ ሆነ። በ1943 ያስመዘገበው 0.466ም የአንድ ዓመት ከፍተኛው ሆነ።

የጨዋታቸው ብዛት ትንሽ ነው፣ ማወዳደር አይቻልም የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ጨዋታው ያነሰው የተጫዋቾቹ ጥፋት አይደለም። ደግሞም በ2020 በኮሮና ምክንያት 60 ጨዋታ ብቻ ሲደረግ ያ ዓመት እንደ ሙሉ ዓመት ተቆጥሯል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? እነዚህ ሰዎች የተነፈጉት ጽሑፉን ነው።

ጊብሰን ይህን አላየም። በጥር 1947፣ ሮቢንሰን ሜዳ ሊገባ 3 ወር እንኳን ሳይቀረው፣ በ35 ዓመቱ ሞተ። ዊሊ ሜይስ ግን ደረሰበት። በ1948 ገና ልጅ ሳለ ለበርሚንግሃም ብላክ ባረንስ የመታቸው 10 ሂቶች ተጨመሩለትና 3,283 የነበረው 3,293 ሆነ። ሜይስ ያረፈው ከዚያ 20 ቀን በኋላ፣ በ93 ዓመቱ ነው።