ፕራግማቲዝም፦ የሐሳብን ፋይዳ መጠየቅ

ፕራግማቲዝም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የተወለደ የፍልስፍና መንገድ ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ «ፕራግማ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ሥራ ወይም ድርጊት ማለት ነው። ብዙዎች በአማርኛ «ተግባራዊነት» ይሉታል። ለእኔ ግን ወደ ነፍሱ የሚቀርበው «ፋይዳ» የሚለው ቃላችን ነው። ረጅም ሙግት ሲሰማ የቆየ ሽማግሌ «ለመሆኑ ይህ ምን ይፈይዳል?» ብሎ ሲጠይቅ ፕራግማቲስቶች ለእያንዳንዱ ሐሳብ ያቀረቡትን ጥያቄ እየጠየቀ ነው። ይህ እውነት ቢሆን በኑሯችን ምን ይለወጣል? ሐሰት ቢሆንስ?

እንጀራ ጋጋሪ ምጣዱ መጋሉን በክርክር አትወስንም። አሰስ አድርጋ ትንሽ ሊጥ ጠብ ታደርግበታለች። ዓይን ካወጣ ትቀጥላለች፤ ካላወጣ እሳቱን ታያለች። ለእርሷ «ጋለ» ማለት ሊጡ ላይ የሚታይ ነገር ነው። ፍልስፍናው ይህን የወጥ ቤት ጥበብ ወደ እውነት፣ ወደ ሕግና ወደ ትምህርት ወሰደው።

በ1870ዎቹ መጀመሪያ ማሳቹሴትስ ውስጥ በምትገኘው ካምብሪጅ ከተማ ጥቂት ወጣት ምሁራን እየተሰበሰቡ ይከራከሩ ነበር። ስብስባቸውን «የሜታፊዚክስ ክበብ» ብለውታል፤ ሜታፊዚክስ ስለ ህልውና መሠረት የሚጠይቅ የፍልስፍና ዘርፍ ነው። ከመካከላቸው ቻርልስ ሳንደርስ ፐርስ፣ ዊልያም ጄምስ፣ እንዲሁም በኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነው ኦሊቨር ዌንደል ሆምዝ ይገኙበታል። ሆምዝ በ1865 ባበቃው የእርስ በርስ ጦርነት ሦስት ጊዜ ቆስሏል፤ ከዚያ ወዲህ ፍጹም እርግጠኛ ነኝ የሚል ሰው ያስፈራው ነበር። በክበቡ በተደጋጋሚ የሚነሳው የስኮትላንዳዊው ፈላስፋ የአሌክሳንደር ቤን ሐሳብ ነበር፤ እምነት ማለት ሰው ተነስቶ ሊሠራበት የተዘጋጀበት ነገር ነው የሚል። ፐርስ ፕራግማቲዝምን የዚህ ሐሳብ ተከታይ ውጤት አድርጎ ይቆጥረው ነበር።

ፐርስ (1839–1914) ኑሮውን የመራው በመለካት ነው። ለሦስት አሥርት ዓመታት በአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ቅየሳ መሥሪያ ቤት ሠርቷል፤ የመሬትን ስበት በፔንዱለም ሲለካ ከርሟል። የለካ ሰው ደግሞ እያንዳንዱ ልኬት ስህተት እንዳለበት፣ ስህተቱም በሌላ ልኬት እንደሚታረም ያውቃል። ትሕትናው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ሐሳቦቻችንን እንዴት ግልጽ ማድረግ እንደሚቻል በ1878 ባሳተመው ጽሑፍ «ጠንካራ» የሚለውን ቃል ወስዶ መረመረ። አልማዝ ጠንካራ ነው ስንል ሌሎች ነገሮች አይጭሩትም ማለታችን ነው። ከዚህ የሚታይ ውጤት ውጪ በቃሉ ውስጥ የተደበቀ ሌላ ምስጢር የለም። እንዲህ ሲፈተሹ ስንት የተከበሩ ክርክሮች ባዶ ሆነው እንደሚገኙ ማሰብ ነው።

ቃሉን ለሕዝብ ያደረሰው ግን ጄምስ ነው። በ1898 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ባደረገው ንግግር «ፕራግማቲዝም» የሚለውን ስም ሲጠቀም ባለቤትነቱን ለጓደኛው ለፐርስ ሰጠ። በ1907 ባሳተማቸው ትምህርቶች ውስጥ አንድ ገጠመኝ ይነግረናል። ተራራ ላይ ድንኳን የተከሉ ሰዎች በአንዲት ሽኮኮ ምክንያት ለሁለት ተከፍለው ይሟገታሉ። ሽኮኮዋ ግንድ ላይ ተለጥፋለች፤ ሰው በወዲያኛው ወገን ሊያያት ዛፉን ሲዞር እርሷም በዚያው ፍጥነት ትሽሎከለካለች፣ ግንዱም ሁልጊዜ ይጋርዳታል። ሰውየው ዛፉን ዞሯል። ሽኮኮዋንስ ዞሯታል? ጄምስ «መዞር ስትሉ በተግባር ምን ማለታችሁ ነው?» አላቸው። ከሰሜኗ ወደ ምሥራቋ፣ ወደ ደቡቧ፣ ወደ ምዕራቧ ማለፍ ከሆነ አዎን፤ ከፊቷ ወደ ጎኗ፣ ከዚያም ወደ ጀርባዋ መድረስ ከሆነ ግን ሆዷ ሁልጊዜ ወደ እርሱ ስለሆነ አይደለም።

ጄምስ ሐኪም ሆኖ የተመረቀ፣ በወጣትነቱ ተስፋ መቁረጥ ክፉኛ ያሠቃየው ሰው ነበር። በ1870 በማስታወሻ ደብተሩ ላይ የመጀመሪያው የነፃ ፈቃድ ሥራው በነፃ ፈቃድ ማመን እንደሚሆን ጻፈ። ለእርሱ ሐሳብ ሰውን ከአልጋው የሚያስነሳ ኃይል ነበር። እውነትንም ለሕይወት ከሚሰጠው ጥቅም ጋር አጥብቆ ሲያያይዘው እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል ክፉኛ ተቃወመው፤ ደስ የሚያሰኝ እምነት ሁሉ እውነት ሊሆን ነው ወይ በማለት። ተቃውሞው ክብደት አለው። ፐርስ ራሱ በ1905 የራሱን አስተምህሮ ለመለየት ስሙን «ፕራግማቲሲዝም» ብሎ ቀየረው፤ ማንም እንዳይሰርቀው በቂ አስቀያሚ ስም ነው ሲል።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዱዊ (1859–1952) መንገዱን ወደ ትምህርት ቤት አስገባው። በ1896 በቺካጎ በከፈተው የሙከራ ትምህርት ቤት ልጆች ምግብ እያበሰሉ ልኬትንና ኬሚስትሪን ይማሩ ነበር። ከ1919 እስከ 1921 ቻይና ውስጥ ሲያስተምር ቆይቷል። በኋለኛው ዘመን አሜሪካውያኑ ፈላስፎች ሪቻርድ ሮርቲና ሂላሪ ፑትናም ወራሾች ሆነው፣ እውነት ከማኅበረሰብ ስምምነት ያለፈ ነገር ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ሳይስማሙ ኖረዋል።

ዛሬ «ፕራግማቲክ ሰው» ሲባል ብዙ ጊዜ የምንሰማው መርሁን እንደ ሁኔታው የሚለዋውጥ፣ የሚያዋጣውን ብቻ የሚመርጥ ፖለቲከኛ ወይም ነጋዴ ነው። ይህ አጠቃቀም ያሳዝነኛል፤ ከባዱን ግዴታ ቀላል ማመካኛ አድርጎታልና። የዱዊ ፕራግማቲስት ለራሱ የሚያዋጣውን አይቶ አያቆምም። ሥራው በሌሎች ላይ ያመጣውን ሁሉ ይቆጥራል፤ ውጤቱ ሐሳቡን ካፈረሰውም ሐሳቡን ይለውጣል። በአንድ ሰፈር የውኃ መስመር ተዘርግቶ ሪፖርቱ «ተጠናቀቀ» ይላል እንበል። ፕራግማቲስቱ ሪፖርቱን አንብቦ አይመለስም። ማልዶ ወደ ቦኖው ይሄዳል፣ ቢጫ ጀሪካን ይዛ ከቆመችው እናት ጎን ይቆማል፣ ቧንቧው እስኪከፈትም ይጠብቃል።