ባርትማን ምንድን ነው? ጢማሙ የስቶንዌር ማሰሮና የብረት ጌጡ

ባርትማን በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) በጀርመን ራይን ወንዝ አካባቢ፣ በተለይ በኮሎኝና በአጎራባቿ ፍሬሸን ይሠራ የነበረ ሆደ ሰፊ፣ አንገተ ጠባብ የመጠጥ ማሰሮ ነው። አንገቱ ላይ የጢማም ሰው ፊት ተለጥፎበታል። እንግሊዞች ቤላርሚን ይሉታል። በ1629 ምዕራብ አውስትራሊያ አጠገብ ከተሰበረችው ባታቪያ ከተባለች የሆላንድ መርከብ ላይ ሳይቀር ተገኝቷል። አንዳንዱ የፒውተር (ቆርቆሮ የሚበዛበት ግራጫ ቅይጥ ብረት) ክዳን አለው፤ እንግሊዝ አገር ከገቡት የተመረጡት ደግሞ ክዳናቸው፣ የአንገታቸው ቀለበትና የእግራቸው ዙሪያ በብር ወይም ወርቅ በተቀባ ብር ተሠርቶላቸዋል።

ስቶንዌር ከተራ ሸክላ የሚለየው በአተኳኮሱ ነው። ሙቀቱ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ሲደርስ ጭቃው ራሱ ይጠጥርና ፈሳሽ አያሳልፍም፤ በክፍት እሳት የሚተኮሰው የእኛ እንስራ ግን ውሃ ያዣል። ምድጃው በጋለበት ሰዓት ጨው ይጣልበታል። ከጨው የሚወጣው የሶዲየም እንፋሎት በጭቃው ውስጥ ካለው ሲሊካ (የአሸዋ ማዕድን) ጋር ተዋህዶ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎርበጥ ያለ የብርጭቆ ልባስ ይፈጥራል። ሲጠራጠሩ፣ ልባስ የሌለበትን የታችኛውን ክፍል በምላስ ጫፍ ነካ ያድርጉት፦ በዝቅተኛ ሙቀት የተተኮሰ ሸክላ ምላስ ይይዛል፣ ስቶንዌር አይይዝም።

ዕድሜውን ለማወቅ ከፊቱ ይልቅ መቀመጫውን ማየት ይበጃል። ሠሪው መንኮራኩሩ ገና እየዞረ ማሰሮውን በክር ቆርጦ ስለሚያነሳው፣ በጥንቶቹ ግርጌ ላይ ብዙውን ጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚሰበሰቡ የክር ቅስቶች ይታያሉ። ቀጥሎ ጣትዎን ወደ ውስጥ ያስገቡ። በመንኮራኩር የተሠራ ከሆነ ዙሪያውን የሸክላ ሠሪው ጣት የተወው መስመር ይሰማዎታል፤ ፊቱ በተለጠፈበት ቦታም ውስጡ አይጎደጉድም። ከውጭ ጎልቶ በወጣው ልክ ውስጡ ከጎደጎደ ግን በቅርጽ ማውጫ የተሠራ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጀርመን የጥንቱ አሠራር ፋሽን ሆኖ ብዙ ቅጂ ወጥቷል፤ ግርጌው ላይ የታተመ የሞዴል ቁጥር ወይም የአገር ስም ካለ ከዚያ ወዲህ ነው። እንግሊዝ በ1887፣ አሜሪካ በ1890 ያወጧቸው ሕጎች ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የተሠራበት አገር እንዲጻፍ ያስገደዱት በዚያው ዘመን ነበር። ሆዱ ላይ ባለው ክብ ምስል ውስጥ የተጻፈ ዓመትም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ምስሉ የሚወጣበት አንድ ቅርጽ ለብዙ ዓመት ይሠራበት ነበር።

ብረቱን ከማሰሮው ለይታችሁ መርምሩ፣ ዋናው ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነውና። የድሮ ማሰሮ ላይ አዲስ ክዳን መግጠም ቀላል ነው። ክዳኑ ሲዘጋ ከአፉ ጋር ይገጥማል? ማጠፊያው ከእጀታው መሀል ላይ ነው? ከእጀታው ጋር የታሰረበት ብረት ብዙ ዘመን ከተፋተገ፣ ሥሩ ያለው ልባስ መለስለስ ነበረበት። ሰፊ የአንገት ቀለበት ሲያዩ ደግሞ ለምን እንደሰፋ ይጠይቁ፤ የተሰበረ አፍ መሸፈኛ ሆኖ የገባ ብዙ ነው። የእንግሊዝ ብር ከሆነ የብሩን ጥራት የሚያረጋግጠውን የአንበሳ ምልክትና የታተመበትን ዓመት የሚያመለክተውን ፊደል ይፈልጉ። ይሁንና በዚያ ዘመን ማሰሮ ላይ ሙሉ ማኅተም የሌለው ብር እንግዳ ነገር አይደለም፤ የሠሪው ምልክት ብቻ ያለባቸው አሉ። የጀርመን ግማሽ ጨረቃና ዘውድ ከ800 ቁጥር (ከሺህ 800 እጁ ንጹህ ብር ማለት ነው) ጋር ካለ ግን ብሩ ከ1888 ወዲህ የታተመ ነው።

ለዋጋው፣ በጥሩ እጅ የተቀረጸ፣ ጸጉሩና ጢሙ ጥርት ብሎ የወጣ ፊት ተፈላጊ ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠሩት ፊታቸው ሻካራና የተዛባ ስለሆነ አብዛኞቹ ዝቅ ይላሉ። ሰማያዊ የኮባልት ቀለም፣ የከተማ ወይም የቤተሰብ አርማ፣ የዘመኑ ብር ይጨምራሉ። በጥፍር መታ ሲያደርጉት የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። በጨለማ ክፍል የአልትራቫዮሌት መብራት ቢያበሩበት የተጠገነበት ሙጫና ቀለም ብዙ ጊዜ በተለየ ቀለም ያበራል። ለማነጻጸር የምትወስዱት ሻጭ የጠየቀውን ሳይሆን በጨረታ በእርግጥ የተከፈለውን ዋጋ ይሁን፤ የአጫራቹ ኮሚሽን ተካቶበት እንደሆነም እዩ።

ፒውተሩን አታንጹት፤ ግራጫው ገጽታ የዕድሜው ምስክር ነው፣ ሲወለወል ዋጋው ይወርዳል። የድሮ ፒውተር እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል መጠጥ አታስቀምጡበት። ማሰሮውንም በክዳኑ ወይም በእጀታው ይዛችሁ አታንሱት፣ በሁለት እጅ ከሆዱ ይደገፍ።