ሩሲዮን፦ ከፒሬኔ ተራሮች እስከ ሜዲትራኒያን ዳርቻ

ፈረንሳይ ከስፔን ጋር በምትዋሰንበት የደቡብ ጥግ ሩሲዮን የሚባል አካባቢ አለ። ዋና ከተማው ፔርፒኛን ነው። በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ባሕር፣ በምዕራብና በደቡብ የፒሬኔ ተራሮች ያዋስኑታል። ጠዋት ባሕር ዋኝቶ ከሰዓት ተራራ ላይ ጃኬት መደረብ ይቻላል። ዕረፍቱን በሙሉ አሸዋ ላይ ተኝቶ የሚመለስ ሰው ግን፣ በእኔ እምነት፣ ትልቁን ነገር ሳያይ ነው የሚሄደው።

አካባቢው ለፈረንሳይ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1659 በፒሬኔ ስምምነት ነው። ከዚያ በፊት በስፔን ንጉሥ ሥር ነበር። ካታላንነቱ፣ ማለትም በሰሜን ምሥራቅ ስፔን ካለችው ካታሎኒያ ጋር የሚጋራው ቋንቋና ባህል፣ ግን ዛሬም አለ። ቢጫና ቀይ ባንዲራ በየቦታው ይታያል። የካታላኖች መኩሪያ የሆነው የካኒጉ ተራራ 2,784 ሜትር ከፍታ አለው። በየዓመቱ በሰኔ ወር፣ በቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ፣ ከካኒጉ ጫፍ የወረደ እሳት በየመንደሩ ይዳረስና ችቦና እንጨት ይለኮስበታል። ደመራ ሲበራ ለምናውቅ ሰዎች ስሜቱ ቅርብ ነው።

የባሕር ዳር ከተማ ከሆነችው ከአርዤሌስ ወደ ሰሜን ያለው ዳርቻ ሜዳና ሰፊ አሸዋ ነው። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ይመቻል። ከአርዤሌስ ወደ ደቡብ ግን ተራራው ባሕሩ ውስጥ ይገባል፤ ቋጥኙ ላይ የወይን እርሻ ተደርድሯል። ኮሊዩር እዚያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1905 በአውሮፓ በጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) ሠዓሊዎቹ ማቲስና ዴሬን እዚህ ሆነው በደማቅ ቀለም የሣሏቸው ሥዕሎች ፎቪዝም ለተባለው የሥዕል ስልት መነሻ ሆነዋል። ከተማዋ በአንቾቪም ትታወቃለች። ትንሿ ዓሣ ጭንቅላቷ ይወገድና በጨው እየተነባበረች ለወራት ትቀመጣለች። ከዚያ ታጥባ፣ በእጅ ተሰንጥቃ፣ አጥንቷ ይወጣል።

አርዤሌስ ሲኬድ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1939 መጀመሪያ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ከጄኔራል ፍራንኮ ጦር የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ስፔናውያን በክረምት ብርድ እዚያው አሸዋ ላይ በሽቦ ታጥረው ተይዘው ነበር። ገጣሚው አንቶኒዮ ማቻዶም በዚያው ዓመት የካቲት ወር ኮሊዩር ውስጥ በስደት አረፈ። መቃብሩ እዚያው ነው።

ወደ ተራራው የሚወስደው ምርጥ መንገድ ቢጫው ባቡር ነው። ከቪልፍራንሽ ተነሥቶ 63 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ጉዞው ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ባቡሩ ቀስ ስለሚል ገደሉን፣ ድልድዩንና መንደሩን በደንብ ለማየት ጊዜ አለ። በበጋ ጣሪያ የሌላቸው ፉርጎዎች ይቀጠላሉ። ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከሐዲዱ ጎን ከተዘረጋ ሦስተኛ ሐዲድ ነው። ከፍተኛው ጣቢያ ቦልኬር 1,593 ሜትር ላይ ነው። በመንገዱ ላይ ያለውን በገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ የነደፈው መሐንዲስ አልቤር ዢስክላር እ.ኤ.አ. በ1909 በሙከራ ጉዞ ላይ በደረሰ አደጋ ሞተ። ድልድዩ አሁን በስሙ ይጠራል።

ላይኛው ደጋ ላይ ፎን ሮሜ አለች፤ ከፍታዋ ወደ 1,850 ሜትር ነው። ከፍታ ላይ ባለችው ሜክሲኮ ሲቲ እ.ኤ.አ. በ1968 ለተካሄደው ኦሎምፒክ ሲባል የስፖርት ማሠልጠኛ የተሠራባት ከተማ ናት። ዛሬም ሯጮች ለከፍታ ልምምድ ይመጣሉ። ለአዲስ አበባ ልጅ ግን ዝቅ ያለ ቦታ ነው።

ለሰማዩ ጥራት አንዱ ምክንያት ትራሞንታን የሚባለው ደረቅ የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ነው። ደመናውን ጠርጎ ይወስዳል። በነፈሰ ቀን ግን አሸዋው ፊት ይገርፋል፣ የሚንሳፈፍ ፍራሽም ወደ ጥልቁ ይገፋል፤ ልጆችን በዓይን መከታተል ያስፈልጋል። ደን ውስጥ እሳት ከተነሣም ቶሎ ያዛምተዋል፤ ስለዚህ በበጋ አንዳንድ የእግር መንገዶች ይዘጋሉ። ሐምሌና ነሐሴ በጣም ይጨናነቃል። ሰኔና መስከረም ይሻላል። በመስከረም ባሕሩ ገና አልቀዘቀዘም፣ ወይኑም የሚለቀምበት ጊዜ ነው።