ጡትን የማሳነስ ቀዶ ሕክምና እና የመጠን ጥያቄ በጎጃም

ጡትን የማሳነስ ቀዶ ሕክምና ከጡት ላይ ስብ፣ የወተት ዕጢና ትርፍ ቆዳ ተቀንሶ፣ የጡት ጫፍም ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ የሚደረግበት ሕክምና ነው። ብዙውን ጊዜ ወደ ሐኪም የሚያስኬደው ሕመም ነው፦ የአንገት፣ የትከሻና የጀርባ ሕመም፣ የጡት መያዣ ማንገቻ ትከሻ ላይ የሚተወው ስርጉድ፣ በጡት ሥር የሚወጣ ሽፍታ። እንስራ ወይም 20 ሊትር ጄሪካን አዝላ፣ ገመዱን በደረቷ ላይ አስራ ዳገት ለምትወጣ የጎጃም ገጠር ሴት ይህ ሁሉ ይብስባታል፤ ግን «የሸክም ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ሐሳቡ የተነሣ እንደሆነ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ያንሳል?» የሚል ነው። መልሱ በጡት መያዣ ፊደል ሲጠበቅ ነገሩ ይበላሻል። ፊደሉ ብቻውን መጠን አይናገርም፤ ቁጥሩ የደረት ዙሪያ፣ ፊደሉ ደግሞ ጡት የሚገባበት ክፍል ስፋት ስለሆነ 36 ሲ እና 34 ዲ የሚይዙት ጡት ተቀራራቢ ነው፣ አምራቾችም እርስ በርስ አይስማሙም። ሳልባጅ ገበያ ላይ በዓይን ተገምቶ የተገዛ ጡት መያዣ ደግሞ ጭራሽ መለኪያ ሊሆን አይችልም። የሐበሻ ቀሚስ ሰፊም የሚለካው የደረት ዙሪያን ነው። ቀዶ ሐኪሞች የሚያስቡት በግራም ነው፦ ደረተ ጠባብ በሆነች ሴት አንድ ፊደል ለመውረድ ከእያንዳንዱ ጡት 100 ግራም ገደማ ሊበቃ ይችላል፣ ደረተ ሰፊ በሆነችው ግን 200 ግራምና ከዚያም በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ከሁለቱም ጡት በድምሩ 1 ኪሎ ግራም ቢነሣ ሚዛን ላይ እምብዛም አይታይም፤ ትከሻ ግን ያውቀዋል።

«በተቻለ መጠን ትንሽ ይሁንልኝ» የሚለው ልመና ወሰን አለው። የጡት ጫፍ በሕይወት የሚቆየው ደም ሥርና ነርቭ ይዞ በቀረ ሥጋ ላይ ነው፤ ያ ሥጋ ራሱ መጠን አለው። ከልክ በላይ ከቀጠነ ጫፉ ደም ያጣል። የጡቱ መሠረት ስፋትም በአመዛኙ የደረትን ስፋት ይከተላል። እጅግ ትልቅ በሆነ ጡት ላይ ጫፉ ተነቅሎ እንደ ቆዳ ሊተከል ይችላል፤ ያኔ ከዚያ ጡት ማጥባት ይቀራል፣ ስሜቱም በእጅጉ ይቀንሳል። በሌሎቹ ዘዴዎች ብዙ ሴቶች በከፊል ያጠባሉ፣ ዋስትና ግን የለም። እርግዝና ጡቱን መልሶ ስለሚለውጠው ገና ለመውለድ የምታስብ ሴት ብታቆየው ይሻላል። ክብደት መጨመርም ተመሳሳይ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ጡት የመጨረሻው አይደለም። ያበጠ፣ ከፍ ያለና አራት ማዕዘን መሳይ ይሆናል፤ የሚረጋጋው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው፣ አንዳንዴም ዓመት ይፈጃል። ግራና ቀኙ ፍጹም እኩል አይሆኑም፤ ቀድሞም አልነበሩም። ጠባሳው አይጠፋም፤ በጥቁር ቆዳ ላይ የማበጥ ዝንባሌው ይበልጣል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከባድ ነገር አይነሣም፤ እንስራም፣ የእህል ጆንያም፣ የታዘለ ልጅም በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ይህን ለባልና ለቤተሰብ ቀድሞ ማስረዳት ከቀዶው ባልተናነሰ ከባድ ነው።

በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን፣ በደብረ ማርቆስም ትልልቅ ሆስፒታሎች አሉ። የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ግን በአመዛኙ ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል፣ መንገዱም በዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ነው። ስለዚህ ከግራሙ ጋር አብሮ የሚጠየቅ ነገር አለ፦ ከቀዶው በኋላ ስንት ቀን አዲስ አበባ መቆየት እንደሚያስፈልግ፣ አገር ቤት ሲገቡም ቁስሉን የትኛው ጤና ተቋም እንደሚያይ።