ለማተሚያ ቤት የትኛው ፕሌት ይሻላል?

በኦፍሴት ህትመት ፕሌቱ፣ ማለትም የሚታተመው ምስል የሚጻፍበት ስስ ሉህ፣ ራሱ ወረቀቱን አይነካም፣ ምስሉን ለብላንኬቱ ጎማ ይሰጣል፣ ጎማው ነው ወረቀት ላይ የሚያሳርፈው። ፕሌቱ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ሲሆን ምስል ያለበት ቦታ ቀለም ይይዛል፣ ባዶው ደግሞ ውሃ ይይዛል፣ ቅባትና ውሃ አለመስማማታቸው ነው ሁሉን ነገር የሚሰራው። መነሻው አሎይስ ሴኔፌልደር እ.ኤ.አ. በ1796 አካባቢ ሙኒክ ውስጥ በድንጋይ የጀመረው ህትመት ነው። ዛሬ ጥያቄው ምስሉን ፕሌቱ ላይ በምን እናሳርፍ የሚለው ነው፣ እናም ብዙ ማተሚያ ቤት እዚህ ጋ የሚሳሳተው የማሽኑን ዋጋ ብቻ አይቶ ስለሚወስን ነው። ማሽኑ አንዴ ይገዛል፣ ፕሌትና ኬሚካል ግን በየሳምንቱ ነው የሚገዛው።

የድሮው መንገድ ፊልም ነው። ገጹ በፊልም ይወጣል፣ ሞንታዥ ይሰራል (ፊልሞቹ በገጽ ቅደም ተከተል ይደረደራሉ)፣ ፕሌቱ ላይ ተደርጎ በቫኪዩም ተጣብቆ በዩቪ መብራት ይመታል፣ ከዛ ዴቨሎፐር በሚባለው ኬሚካል ይታጠባል። ፕሌቱ ርካሽ ነው ግን አቧራ አለ፣ የፊልሙ ቦታ ትንሽ ከተንሸራተተ አራቱ ቀለሞች አይገጥሙም፣ ፊልሙም ራሱ ከገበያ እየጠፋ ነው። ዛሬ አዲስ የሚከፍት ሰው በዚህ ባይጀምር እላለሁ።

ሲቲፒ የሚባለው ፊልሙን ዘሎ ከኮምፒውተር በቀጥታ ፕሌቱን በሌዘር የሚጽፈው ነው፣ ግን ሲቲፒ ሁሉ አንድ አይደለም። ቴርማሉ በ830 ናኖሜትር ኢንፍራሬድ ሌዘር ሙቀት ይሰራል። ፕሌቱ ከተወሰነ ሙቀት በታች ምንም አይሆንም ከዛ በላይ ሲደርስ ይለወጣል፣ ስለዚህ ምስሉን የሚሰሩት ጥቃቅን ነጥቦች ጠርዛቸው ጥርት ያለ ነው፣ 175 መስመር ስክሪን (በአንድ ኢንች 175 የነጥብ መስመር) በቀላሉ ይይዛል፣ አብዛኛው ፕሌትም በተራ ክፍል መብራት መያዝ ይቻላል። ሳይጋገር ከመቶ ሺህ በላይ ያትማል፣ መጋገር የሚችለው አይነት በኦቨን ከተጋገረ እስከ ሚሊዮን የሚደርስ አለ። ችግሩ የሌዘሩ ራስ ሲበላሽ ዋጋው ያስደነግጣል። ቫዮሌቱ 405 ናኖሜትር ነው፣ ፈጣን ስለሆነ ጋዜጣ ቤቶች ይወዱት ነበር፣ ግን ቢጫ መብራት ይፈልጋል፣ የፕሌቱ ገበያም እየጠበበ ነው። በዩቪ የሚሰራው ሲቲፒ ደግሞ እንደ ፊልም ጊዜው ያለ ርካሽ ፕሌት ስለሚጠቀም በጀቱ ለጠበበ ቤት መጥፎ አይደለም፣ ፍጥነቱ ከቴርማል ያንሳል እንጂ።

ፖሊስተር የሚባል ፕላስቲክ ፕሌትም አለ፣ ለደረሰኝ፣ ለሌተርሄድ፣ ለአንድ ቀለም ስራ አሪፍ ነው። ከ10 ሺህ እስከ 20 ሺህ ቢያትም ነው፣ ስለሚለጠጥ ደግሞ ባለ አራት ቀለም ካታሎግ በሱ መሞከር ቀለም እንዳይገጥም ማድረግ ነው።

ፕሮሰስለስ የሚባለው፣ ለምሳሌ የኮዳክ ሶኖራ፣ ዴቨሎፐር የለውም፣ ከሌዘሩ ወጥቶ በቀጥታ ማሽኑ ላይ ይገባል፣ ያልተፈለገው ሽፋን በመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ይጸዳል። ውሃ በሚቆራረጥበት ከተማ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ዴቨሎፐር ከባድ አልካሊ ነው እኮ፣ ሰራተኛው ያለ ጓንት ይነካዋል፣ ሲያልቅ ደግሞ ፍሳሽ ውስጥ ይደፋል። ግን ፕሌቱ ቶሎ ይጫራል፣ ምስሉም ደብዘዝ ስለሚል ማሽን ላይ ከመውጣቱ በፊት ስህተት ለማየት ይከብዳል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል።

አዲስ አበባ ላለ ቤት እኔ መጀመሪያ የማስቀድመው አቅርቦትን ነው። ፕሌት ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ መተመን ከጀመረ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ እንዴት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አንድ አስመጪ ብቻ የሚያመጣው ፕሌት ከሆነ እሱ ያጣ ቀን ስራ ይቆማል። አምራቹም ይቀየራል፣ አግፋ እንኳ የኦፍሴት ክፍሉን በ2023 እ.ኤ.አ. ሸጦ ዛሬ ኢኮ3 ተብሏል። ፈርቶ ብዙ ማከማቸትም መፍትሄ አይደለም፣ ፕሌት ከተመረተ አንድ ዓመት ወይ አንድ ዓመት ተኩል ሲያልፈው ሽፋኑ ይደክማል፣ ሞቃት መጋዘን ውስጥ ደግሞ ከዛም ቀድሞ።

ቀጥሎ ስራውን መቁጠር ነው። ባለ 160 ገጽ አንድ ቀለም መጽሐፍ በ16 ገጽ ፎርም (አንድ ላይ ታትሞ በሚታጠፍ ትልቅ ወረቀት) ሲታጠፍ 10 ፎርም፣ ሁለት ጎን፣ 20 ፕሌት ነው። 500 ኮፒ ከሆነ የፕሌቱ ወጪ በየኮፒው ይከብዳል፣ 50 ሺህ ከሆነ አይሰማም። አጭር አጭር ስራ የበዛበት ትንሽ ቤት በጭራሽ ሲቲፒ አይግዛ፣ ፋይሉን ይዞ ሲቲፒ ካለው ጋር ፕሌት ቢያስወጣ ይሻለዋል። በወር ብዙ መቶ ፕሌት የሚጨርስና መማሪያ መጽሐፍ የሚያትም ቤት ግን ቴርማል ይግዛ፣ ያውም ከአንድ በላይ አምራች ፕሌት የሚቀበለውን። በዩቪ ቀለም (በዩቪ መብራት በሚደርቅ ቀለም) የሚያትም ከሆነም አስቀድሞ ይጠይቅ፣ ያ ቀለም የፕሌቱን ዕድሜ በጣም ያሳጥራል።

መጠኑም እንዳይረሳ፣ የሃይደልበርግ ማተሚያ ማሽኖችን ብናይ የጂቲኦ 52 ፕሌት 400 በ510 ሚሊሜትር ሆኖ ውፍረቱ 0.15 ነው፣ የስፒድማስተር 74 ደግሞ 605 በ745 ሆኖ 0.3፣ ሁለቱም ያለው ቤት ሲቲፒው ትንሿንና ስሷንም እንደሚቀበል ከመክፈሉ በፊት በዓይኑ ይይ። መብራት መሃል ላይ ከጠፋ እየተጻፈ ያለው ፕሌት ስለሚጣል ዩፒኤሱም ከማሽኑ ጋር አብሮ በጀት ውስጥ ይግባ። የፕሌት ብራንድ በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ኤክስፖዠሩ (የሌዘሩ ኃይል) እና የነጥቡ ኩርባ (የነጥቡን መጠን የሚያስተካክለው ልኬት) እንደገና በቴስት ፕሌት ይለካ፣ አለበለዚያ ትናንት ጥሩ የወጣው የሰው ፊት ቀለም ዛሬ ጠቁሮ ይወጣና ጥፋቱ በማሽን አፕሬተሩ ላይ ይለጠፋል።